አንድ ሺህ ቁራጭ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሁለት ክረምት በፊት በውጭ አገር የምትኖረው አክስታችን በሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከችልን። ለእናታችን ሹራብ፣ ለታናሽ ወንድሜ ጃኬት፣ ለእኔ ደግሞ አንድ ጠፍጣፋ ሳጥን ነበረበት። ሳጥኑን ስነቀንቀው ውስጡ እንደ ሽምብራ ተንኮሻኮሸ። በክዳኑ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ይታያል፤ አክስታችን ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ በመጣችበት ዓመት ከአፋፉ ላይ ቆማ ያነሣችው ፎቶግራፍ ነው። ይህንኑ ፎቶግራፍ በወፍራም ካርቶን ላይ አሳትማ፣ አንድ ሺህ ቦታ አስቆርጣ፣ «መልሰህ ግጠመው» የሚል ወረቀት ጨምራ ላከችልኝ። በተለምዶ «ፐዝል» የሚባለው፣ የተቆራረጠን ሥዕል መልሶ የመገጣጠም ጨዋታ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ሠላሳ ዓመት ላለፈው ሰው መጫወቻ ይላካልን? ሳጥኑን ከአልጋዬ ሥር አስገብቼ ረሳሁት። በዚያን ጊዜ ለጨዋታ የሚሆን ልብ አልነበረኝም። ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጀምሮ፣ ከዚያም ጦርነቱ ተከትሎ፣ እንግዳ ከከተማችን ርቆ ነበርና አስጎብኚ የነበርሁት እኔ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚኖረው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከየካቲት ወር ጀምሮ አለመነጋገራችን ነበር።

ምክንያቱ በቅሎ ነበረች። አባታችን ካህን ነበሩ፤ ሲያርፉ የተዉልን ሀብት አንዲት በቅሎ ናት። እርሳቸው ወደ ገጠር አጥቢያ ይወጡባት ነበር፤ እኔም ደህናው ዘመን ላይ እንግዶችን ወደ አሸተን ማርያም አወጣባት ነበር። አንድ ቀን ከቤት ስገባ ጋጣው ባዶ ነው። ወንድሜ ሳያማክረኝ ሸጧታል። ገንዘቡን ምን እንዳደረገው ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። እኔም በዘመድ ፊት፣ እናታችን እየሰማች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ዐቢይ ጾም አለፈ፤ ትንሣኤ አለፈ፤ ሰኔ ገባ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ እናታችን በመካከላችን እንደ ተርጓሚ «ወንድምህ ውኃ ቀድቷል በለው» እየተባለች ትኖራለች።

ይህን ሁሉ ጊዜ በሰንበት ት/ቤታችን ሕፃናትን አስተምር ነበር። ስለ ይቅርታ የሚናገረው ትምህርት ሲደርስ ተራዬን ለሌላ መምህር እሰጥ ነበር። የንስሐ አባቴ ጉዳዩን ሰምተው መባህን ከማቅረብህ በፊት ወደ ወንድምህ ሂድ የሚለውን የጌታን ትምህርት (ማቴ. 5፥23-24) አሳሰቡኝ። እኔም መታረቁን ትቼ መቁረቡን ተውሁ።

ሐምሌ ገባ። በላስታ ሐምሌ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉሙ ከአሸተን ተራራ ወርዶ ከተማውን ይውጠዋል፤ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በአንደኛው ምሽት መብራት ጠፋ፤ ስልኬም ባትሪው አልቆ ጨለመ። ያኔ ነው ሳጥኑ ትዝ ያለኝ። ሻማ አበራሁና ቁራጮቹን በእናቴ ሰፌድ ላይ ዘረገፍኋቸው።

የሚያስደነግጥ ነበር። ሥዕሉ ከላይ የተነሣ በመሆኑ ከመካከሉ መስቀል፣ ከጥቂት ሰማይና ከአንድ ጥግ ላይ ካሉ ዛፎች በቀር የቀረው ሁሉ ቀይ ዐለት ነው። ቀይ፣ ከዚያ ትንሽ የጠቆረ ቀይ፣ ከዚያ ደግሞ ሽበት የወጣበት ቀይ። ለዓመታት እንግዶችን አፋፉ ላይ አቁሜ «እነሆ ቤተ ጊዮርጊስ፤ ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ነው» ስል የኖርሁ ሰው፣ ያንኑ ዐለት በእጄ ይዤ የትኛው ከየት እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር ሞክሮ ለማያውቅ አሠራሩን ልንገር። በመጀመሪያ ቁራጮቹ ሁሉ በፊታቸው ይገለበጣሉ። ቀጥሎ አንድ ጎናቸው ቀጥ ያለው ብቻ ይለያሉ፤ እነዚህ የዳር ቁራጮች ናቸው። አንድ ሺህ የሚባለው ፐዝል ብዙውን ጊዜ በትክክል አንድ ሺህ አይደለም፤ 38 በ27 ሆኖ ስለሚቆረጥ 1026 ይሆናል። የእኔም እንዲሁ ነበር፤ ዳሩ 126 ቁራጭ ነው። ዳሩ ከተገጠመ በኋላ የቀረው በቀለም ይለያል፤ እኔ ሰማዩን በሳህን፣ ዛፉን በስኒ ማቅረቢያ፣ መስቀሉን በሰፌድ፣ ቀዩን ሁሉ ደግሞ በእንቅብ አደረግሁት። ቀለም በማይረዳበት ቦታ ቅርጽ ይረዳል። እያንዳንዱ ቁራጭ እንጨት ሠሪዎች ወንዴና ሴቴ እንደሚሉት የሚገባና የሚቀበል ጎን አለው፤ ሁለት ወንዴ ሁለት ሴቴ ያለው አለ፣ ሦስት ወንዴ አንድ ሴቴ ያለው አለ። የጎደለውን ቦታ ቅርጽ በዓይን ይዞ የሚመስለውን መፈለግ ነው። ሥራው ያለ ማቋረጥ የሚያልቅ ስላልሆነ ሁሉን በአንድ ሰፊ ጣውላ ላይ ማድረግና ሌሊት በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል።

ጨዋታው በአውሮፓ የተጀመረው ለትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ካርታ ሠሪ ካርታን በእንጨት ላይ ለጥፎ በአገሮች ድንበር ቆራረጠው፤ ልጆች እየገጠሙ የአገሮችን ቦታ እንዲማሩበት ነው። እኔም በዚያ ክረምት ተማሪ ሆንሁ። የዐለቱ ቀለም ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚለወጥ፣ ውኃ የወረደበት መሥመር ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ሽበቱ የሚበዛው በየትኛው ግድግዳ እንደሆነ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ለእንግዳ ሳሳይ ኖርሁ እንጂ ራሴ አላየሁም።

ደስታውን በቃል ማስረዳት ይከብዳል። አንዲት ቁራጭ ለአንድ ሰዓት ስትፈልጓት ቆይታ ድንገት ቦታዋ ላይ ስትገባ የምታሰማው ትንሽ ድምፅ አለ። ያ ድምፅ ለቀኑ ድካም ሁሉ ይበቃል። አባታችን ወጣት ሳሉ ቅኔ ቤት ቆይተዋል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ነገር ግን አንዲት ቃል ጠፍታ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ትነሣለች ይሉ ነበር። ቃሉ ከምሥጢሩም ከቤቱም እኩል ሲገጥም የሚሰማቸውን ደስታ ሲነግሩን አልገባኝም ነበር። በሻማ ብርሃን ቀይ ቁራጭ ስፈልግ ገባኝ።

በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ነገር አየሁ። ማታ ስተኛ ባዶ የነበረ ቦታ ጠዋት ሞልቶ አገኘሁት። ሰባት ቁራጭ ነው፤ ሁሉም ሰማይ። እናቴን ጠየቅኋት፤ «እኔ ምኑን አውቀው ልጄ» አለችኝ። በማግስቱ ደግሞ አምስት ተጨምሯል። ወንድሜ የቀን ሥራ ውሎ አምሽቶ ነው የሚገባው፤ እኔ ከተኛሁ በኋላ ነጠላውን ገልጦ ይቀመጣል ማለት ነው። ምንም አላልሁም፤ እርሱም ምንም አላለም። እኔ ከመስቀሉ ወደ ውጭ፣ እርሱ ከሰማዩ ወደ ታች፣ ሥዕሉ ከሁለት ወገን ማደግ ጀመረ። አንድ ቀን ሻማ እንዳለቀበት ከቅሪቱ አየሁና አዲስ ሻማ ከጣውላው አጠገብ ትቼ ተኛሁ። በስድስት ወር ውስጥ ለወንድሜ ያደረግሁት የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራው ቆመ። በቀኙ በኩል ያለው ዐለት ከዳሩ ጋር አልገናኝ አለ። ቁራጭ በቁራጭ ብሞክር አንዱም አይገባም። የዳሩን ቁራጮች እንደገና ቆጠርሁ፤ 126። ቁጥሩ ሙሉ ነው። ስለዚህ ዳሩ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የቆራጮቹ ነው ብዬ ደመደምሁ። ሦስት ምሽት በዚህ ድምዳሜ ተናድጄ አሳለፍሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ነጠላውን ብገልጥ በቀኙ ዳር ያለው ሥራዬ ፈርሷል። ደሜ ፈላ። «በቅሎዋ አልበቃችህም?» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ደግነቱ እርሱ ወደ ሥራ ሄዷል። ዝቅ ብዬ ስመለከት ግን አልፈረሰም፤ ተስተካክሏል። ሁለት የዳር ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠው ነበር። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ፣ የአንዱ ወንዴ በሌላው ሴቴ በጥቂቱ እየላላ የሚገባ። ስገጥማቸው መላላታቸው በእጄ ተሰምቶኝ ነበር፤ ነገር ግን በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ አልፌው ነበር። ወንድሜ ሁለቱን አውጥቶ ቦታቸውን ለውጦ ከእነርሱ ቀጥሎ አሥራ አንድ ቁራጭ ገጥሟል።

ያን ቀን ኪዳን አድርሼ ስመለስ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆምሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ለእንግዶች ስናገረው የኖርሁት ነገር ለራሴ መጣብኝ። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። ጠራቢው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይፈለፍላል፤ ጣሪያው ይቀድማል፣ ወለሉ ይከተላል። አንዴ አለቦታው የተፈነከተ ዐለት ተመልሶ አይለጠፍም። እኔም በዘመድ ፊት የተናገርሁትን ቃል እንደዚያ ቆጥሬው ነበር፤ አንዴ ተፈንክቷል፣ አይመለስም ብዬ። ነገር ግን በዚያው በላስታ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ የቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እርሱ በዋሻ ውስጥ ተሠራ እንጂ ከዐለት አልተፈለፈለም፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን የተቀባ ድንጋይ እየተባለ የተገጣጠመ ነው። የአክሱም ሐውልትም በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወስዶ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በነሐሴ ወር 24 ሜትር ቁመቱን ይዞ በቦታው ቆመ። በሀገራችን ሁሉም ነገር አንድ ወጥ ዐለት አይደለም። የተቆረጠ የሚገጠምበትም ጥበብ አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ሥራ ከለከለኝ። ዳሩን ቆጥሬ ሙሉ ስላገኘሁት ብቻ ትክክል ነው ብዬ ነበር። ስለ በቅሎዋስ የማውቀው ምንድን ነው? በቅሎዋ ተሸጠች፤ አልተማከርሁም፤ ገንዘቡ የት እንደ ገባ አልተነገረኝም። ቁጥሩ ሙሉ ነው። ግን በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ ያለፍሁት ነገር የለምን? በዚያው በየካቲት እናታችን «የዘመድ ልጅ ሠርግ አለ» ብላ ወደ ደሴ ሄዳ ዐሥር ቀን ቆይታለች። በዐቢይ ጾም ዋዜማ ዐሥር ቀን የሚፈጅ ምን ሠርግ ነው? መላላቱ ተሰምቶኝ ነበር። ዝም ብዬ አለፍሁት።

ነሐሴ ገባ፤ ጾመ ፍልሰታ ተጀመረ። ከተማው በሙሉ፣ ትንሽ ትልቁ፣ ነጠላውን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይተማል። እኔም ሌሊት ሰዓታት ቆሜ፣ ቀን አስቀድሼ እመለሳለሁ፤ ግን ቅዱስ ቁርባን ሲቀርብ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ያስተማርኋቸው ሕፃናት በተራ ሲቀርቡ ከዓምድ ኋላ ቆሜ አያለሁ። አንዲት ሕፃን ከቆረበች በኋላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስታልፍ አየችኝ፤ በዓይኗ ብቻ «አንተስ?» ያለችኝ መሰለኝ።

በነሐሴ 13 ምሽት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ፣ ምንም ምልክት የሌላት ተራ ቀይ ቁራጭ ናት። በእንቅቡ የለችም። በሰፌዱ የለችም። ጣውላውን አነሣሁ፤ አልጋውን ገፋሁ፤ ሻማ ይዤ ወለሉን በመጥረጊያ ጠረግሁ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። ያኔ ዐሥር ድሪም ኖሯት አንዱ የጠፋባት ሴት ትዝ አለችኝ (ሉቃ. 15፥8-10)። ለወትሮው ስለ እርሷ ሳስተምር ስለ ድሪሙ ነበር የምናገረው። ስለ መብራቱና ስለ መጥረጊያው፣ የጠፋባት መሆኑን አምና ጎንበስ ስለ ማለቷ ተናግሬ አላውቅም።

በሩ ተከፈተ፤ ወንድሜ ገባ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ መጥረጊያ ይዣለሁ። ከየካቲት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገርሁ፤

«አንዲት ቁራጭ አላየህም?»

ጥቂት ቆመ። ከዚያ ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ በመዳፉ ላይ አሳየኝ። ጠርዟ ከመታሸት የተነሣ ለስልሷል።

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እኔ ጋ ናት፤ ያለ እኔ እንዳትጨርሰው ብዬ ነው ወንድም ጋሼ» አለኝ።

ምን እንደ መለስሁ አላስታውስም። የማስታውሰው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብዬ ወደ እግሩ ማጎንበሴን፣ እርሱም ታናሽ ነኝ ብሎ ቀድሞኝ ሊወድቅ ሲል ግንባራችን መጋጨቱን ነው። እናታችን መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ራሷ ተናገረች። ሠርግ አልነበረም። ታማ ነበር። ለምርመራና ለመድኃኒት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። እኔ ሥራ ፈትቼ አንገቴን በደፋሁበት ሰዓት ሌላ ሸክም እንዳልጨምርበት ብላ፣ ወንድሜን በአባታችን ስም አስምላ እንዳይነግረኝ ከልክላዋለች። ወንድሜ ስድስት ወር ሙሉ ሌባ ተብሎ መሐላውን ጠብቋል። እኔ ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ቁጥሩ ሙሉ ነው ብዬ ፈርጄበታለሁ።

ቁራጯን አብረን ገጠምናት። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የጻፍሁት ፐዝል ያስታርቃል ለማለት አይደለም። ያስታረቀን እግዚአብሔር ነው፤ ወንድሜም በትዕግሥቱ ቀድሞኛል። ጨዋታም ጨዋታ ነው፤ በሐምሌ አንድ ሌሊት «ይህችን ብቻ» እያልሁ የማታ ጸሎቴን ትቼ እንደ ተኛሁ መደበቅ አይገባኝም። ከዚያ በኋላ ጸሎት ሳላደርስ ነጠላውን ላለመግለጥ ሥርዓት አበጀሁ። ማንኛውም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ልጓም ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ከእጃችን ስልክ በማይወጣበት በዚህ ዘመን፣ ዓይንን በአንድ ነገር ላይ አሳርፎ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከሰው ጋር በአንድ ጣውላ ዙሪያ መቀመጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሥዕሉም ሦስት ነገር ተምሬአለሁ። ጫን ተብሎ የገባ ቁራጭ አልገባም። ቁጥር መሙላቱ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። አንድ ቦታ ሥራ ሲቆም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው እርግጠኛ ሆነን ባለፍነው ቦታ ነው።

ሥዕሉን ለአንድ ሳምንት ካየነው በኋላ አፍርሰን ወደ ሳጥኑ መለስነው። አሁን ከሰንበት ት/ቤታችን የሕፃናት ክፍል ይገኛል። ክረምት ሲመጣ ልጆቹ ከትምህርት በኋላ በቡድን ይገጥሙታል። ዘንድሮ ሁለት ወንድማማቾች ልጆች በአንድ ቁራጭ ተጣልተው አንዱ ወደ ኪሱ ሲከት አየሁት። ልቆጣው አሰብሁና ተውሁት። እስኪያወጣት ድረስ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።